ዩኒቨርሲቲ ወይስ ምርምር ማዕከል? በጎጃም ስንዴ፣ ገብስና ጤፍ ማሻሻልን ሙያቸው ሊያደርጉ ላሰቡ

በዕፅዋት ዝርያ ማሻሻል ሁለተኛ ዲግሪያቸውን የጨረሱ ወይም ሊጨርሱ የተቃረቡ ልጆች ሲያገኙኝ ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ «መምህር ልሁን ወይስ ተመራማሪ?» ወዲያው ደመወዝ፣ የቤት አበልና የከተማ ጉዳይ ይነሳል። ባሕር ዳር ይሻላል ወይስ አዴት፣ ደብረ ማርቆስ ወይስ እንጅባራ። ይህን ተዉት አልልም፤ ቤተሰብ ያለው ሰው የሚኖርበትን ሳያስብ ሥራ አይመርጥም። በዚህ ሙያ ግን ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው። ዛሬ ያዳቀላችሁት ዘር በሰባተኛው ዓመት የት ይገኛል? ማን ይዘራዋል? በማን መሬት ላይ? ከዚህ በታች አማራጮቹን የማነጻጽረው በዋናነት በዚህ ጥያቄ ነው።

ሰባት ዓመት ያልኩት ለወሬ ማሟሻ አይደለም። ሁለት ስንዴ ስታዳቅሉ የመጀመሪያው ትውልድ አንድ ዓይነት መልክ ይዞ ይወጣል። በሁለተኛው ትውልድ ባሕርያቱ ይበታተናሉ፤ ረጅሙ፣ አጭሩ፣ ዋግ የተባለው የፈንገስ በሽታ የሚመታውና የማይመታው ሁሉ አንድ መደብ ላይ ይቆማል፤ ምርጫው የሚጀመረውም እዚህ ነው። ስንዴ ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ሰብል ስለሆነ እየጸና ይሄዳል፤ ሆኖም አንድ ወጥ እስኪሆን ስድስት ያህል ትውልድ ይፈልጋል። ከዚያ የመጀመሪያ ደረጃ የምርት ሙከራ፣ ቀጥሎ በተለያዩ ቦታዎች ቢያንስ ሁለት መኸር የሚደገም ሙከራ፣ ከዚያም ዝርያ አጽዳቂው ኮሚቴ መጥቶ የሚያየው 10 በ10 ሜትር የማረጋገጫ መደብ ይከተላል። በዓመት አንድ መኸር ብቻ ያለው ሰው ከማዳቀል እስከ ጸደቀ ዝርያ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ይወስድበታል፤ በሰባተኛው ዓመት ገና የሙከራው ደጃፍ ላይ ነው።

ማፋጠኛ መንገድ የለም ማለት አይደለም። በመስኖ የበጋ ትውልድ መጨመር ይቻላል፤ ሜጫ ላይ ወደ 7,000 ሄክታር የሚያለማው የቆጋ መስኖ እያለ በጋውን ዝም ብሎ ማሳለፍ ለአዳቃይ ያሳዝናል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ሥራ ደግሞ ስንዴና ገብስን በቀን 22 ሰዓት ብርሃን እየሰጡ በዓመት እስከ 6 ትውልድ ማድረስ እንደሚቻል አሳይቷል። መብራት እንዴት እንደሚጠፋ ለምናውቀው ለእኛ ግን ከአምፖሉ በፊት የሚገዛው ጄኔሬተር ነው።

ዩኒቨርሲቲ

ጎጃም ውስጥ በቅርብ የምታገኟቸው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ (የግብርናው ኮሌጅ ዘንዘልማ ነው)፣ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ እና እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ናቸው። ባሕር ዳር ከምርምር ዩኒቨርሲቲዎች ተርታ የተመደበ ነው። ሌሎቹ ዘንድ የማስተማሩ ጫና ከበድ ይላል ብላችሁ ጠብቁ፤ ልዩነቱን ግን በወረቀቱ ሳይሆን የትምህርት ክፍሉን የኮርስ ድልድል አይታችሁ ፍረዱ።

የመምህር ቀን ምን ይመስላል? ጠዋት መሠረታዊ ጄኔቲክስ፣ ከሰዓት ባዮሜትሪ፣ ሐሙስ የዘር ሳይንስ። ቅዳሜና እሑድ የሳምንት መጨረሻ ተማሪዎች፤ እነሱ ተጨማሪ ገቢ ናቸው፣ ከማሳ የሚያርቁም እነሱው ናቸው። በዚያ ላይ የስብሰባው፣ የፈተና ጥበቃውና የውጤት ማስገባቱ ጉዳይ አለ። እውነቱን ለመናገር ለአዝመራ የሚቀረው ጊዜ ትርፍራፊ ነው።

የጊዜ ሰሌዳው ግጭትም አለ፤ ማስታወቂያ ላይ የማይጻፈው ይህ ነው። በእኛ አገር ስንዴና ገብስ ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ ይዘራል፣ የሚያሸተው መስከረም ግድም ነው፣ አጨዳው ኅዳርና ታኅሣሥ ነው። ክረምቱ የዩኒቨርሲቲ እረፍት ስለሆነ ለዘሩና ለአረሙ ይመቻል፤ የክረምት ተማሪዎች ካልተመደቡላችሁ። ችግሩ ማዳቀሉ ላይ ነው። ዛላው «አሁን ነኝ» የሚለው ልክ ምዝገባና የአዲስ ተማሪ አቀባበል በሚጣደፍበት ሰሞን ነው።

ማዳቀል ደግሞ ለነገ የሚተላለፍ ሥራ አይደለም። የእናትየዋን ዛላ የወንዴ ከረጢቶቹ ገና አረንጓዴ ሳሉ ትይዛላችሁ። የእያንዳንዱን አበባ ጫፍ በመቀስ ትቆርጡና በወረንጦ ሦስቱንም ከረጢቶች አንድ በአንድ ታወጣላችሁ። ሦስት ናቸው፤ አንዷ ከቀረች ዘሩ የእናትየው ብቻ ይሆናል፣ ይህንንም የምታውቁት በሚቀጥለው ዓመት ተዘርቶ ሲበቅል ነው። ከዚያ ዛላውን በወረቀት ከረጢት ትሸፍናላችሁ፣ ቀኑን ትጽፋላችሁ፣ ሁለት ሦስት ቀን ቆይታችሁ በጥሩ ፀሐይ ማለዳ የአባትየውን ብናኝ ታራግፉበታላችሁ። በዚያ ማለዳ 2፡30 ላይ ክፍል ካላችሁ፣ ወይ ክፍሉ ወይ ስንዴው ይቀራል። የጤፍ ሲሆን የባሰ ነው፤ አበባዋ የምትከፈተው ማለዳ 1 ሰዓት አካባቢ ለአጭር ጊዜ ነው፣ ሥራውም በማጉያ መነጽር ሥር ነው። ይህ የመከፈቻ ሰዓት በታረቀ በርሄ ሥራ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እስኪታወቅ ድረስ ጤፍን በእጅ ማዳቀል አይቻልም ነበር፤ የሚወጡት ዝርያዎች ከገበሬው ዘር የተመረጡ ነበሩ። ዛሬ በየገበያው ስሙ የሚጠራው ቁንጮ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው፣ የማዳቀል ውጤት ነው።

ገንዘቡስ? ዩኒቨርሲቲው የውስጥ የምርምር ድጎማ በውድድር ይሰጣል፤ በጀቱ የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ነው። አሥር ዓመት የሚፈልግ ሥራ በሁለት ዓመት ገንዘብ ሲቆራረጥ የሚወጣው ነገር ይታወቃል። የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ መጥቶ 49 ወይም 64 የገብስ ናሙና በላቲስ (ናሙናዎቹን በትንንሽ ብሎኮች በሚከፋፍል የሙከራ አቀማመጥ) ይዘራል፣ ቁመቱን፣ የዛላውን ርዝመት፣ የሺህ ፍሬውን ክብደት ይለካል፣ የውርርስ መጠኑንና ዝምድናውን ያሰላል፣ ይመረቃል። ዘሩ በፖስታ ታሽጎ ጠረጴዛ ሥር ይቀመጣል፤ ነቀዝ ይመረቅበታል። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ተማሪ፣ ሌላ 64። አብዛኛው የዩኒቨርሲቲ የዝርያ ማሻሻል ሥራ ዝርያ ላይ የማይደርሰው መምህሩ ሰንፎ አይደለም፤ ሁለተኛው ተማሪ የመጀመሪያውን ዘር ሳይቀጥል ስለሚቀር ነው።

ታዲያ ዩኒቨርሲቲ ምን ይዞ ነው የሚወዳደረው? ጥያቄውን። ምን ልመርምር የሚለውን የምትወስኑት ራሳችሁ ናችሁ፤ ብሔራዊ የሙከራ ዝርዝር አይጫንባችሁም። የኢትዮጵያ ገብስ ለዓለም ካበረከታቸው ነገሮች ሁለቱን ብቻ ልጥቀስ፦ የአመዳይ በሽታን (ቅጠሉን እንደ ነጭ ዱቄት የሚሸፍነውን ፈንገስ) የሚቋቋመው ኤምኤልኦ-11 የተባለው የዘረመል ዓይነትና የገብስ ቢጫ ድንክ ቫይረስን የሚቋቋመው ዋይዲ2 ዘረመል ሁለቱም የተገኙት ከኢትዮጵያ ገበሬ ገብስ ነው። ተለይተው የተጠኑትና ለዝርያ የዋሉት ግን አውሮፓና አሜሪካ ነው። እንዲህ ያለውን ሥራ እዚሁ ለመሥራት ጥያቄውን የመምረጥ ነፃነትና የማያቋርጥ የተማሪ ጉልበት ያለው መምህር ነው። የደረጃ እድገቱም በአብዛኛው በታተመ ጽሑፍ ስለሚመዘን፣ የጄኔቲክስ ጥያቄ ለመምህር ኑሮ ይስማማል።

ምርምር ማዕከል

እዚህ ዋናው አዴት ነው፤ በይልማና ዴንሳ፣ ከባሕር ዳር በሞጣው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ወጣ ብሎ የሚገኘው፣ በአማራ ክልል ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሥር ያለው ማዕከል። ታይ እና ጋሳይ የተባሉት የዳቦ ስንዴዎች፣ ዕጹብ የተባለው ጤፍ ከዚያ የወጡ ናቸው። በአገር ደረጃ ስንዴን ቁሉምሳ፣ ገብስን ሆለታ፣ ጤፍን ደብረ ዘይት ያስተባብራሉ፤ አዴት የራሱን እየሠራ የእነሱንም ሙከራ ይቀበላል።

የሰባተኛው ዓመት ጥያቄ እዚህ ግልጽ መልስ አለው። አዳቃዩ ለፒኤችዲ ቢሄድ ቴክኒሺያኑ መስመሮቹን (ገና ዝርያ ሆነው ያልጸደቁትን የተመረጡ ዘሮች) ሰኔ ላይ ይዘራቸዋል። መዝገቡ አለ፣ መጋዘኑ አለ፣ ማሳው አለ። ጎናችሁ የበሽታ ባለሙያ፣ የአግሮኖሚ ባለሙያ፣ የገበሬውን ፍላጎት የሚያጠና የምጣኔ ሀብት ሰው አለ። ሥራው ሁሌም ከማዳቀል አይጀምርም፤ ሜክሲኮ ካለው ዓለም አቀፍ የስንዴና የበቆሎ ማሻሻያ ማዕከል (ሲሚት) ወይም ከደረቅ አካባቢዎች ዓለም አቀፍ የግብርና ምርምር ማዕከል (ኢካርዳ) የደረሱ መስመሮች ይመጣሉ፣ እናንተ እዚህ ትፈትኗቸዋላችሁ። ኩብሳ እንዲህ የመጣ ስንዴ ነው። «ታዲያ አዳቃይነቱ ምኑ ላይ ነው?» ብላችሁ ልታኮርፉ ትችላላችሁ፤ ከብዙ መቶ መስመር ውስጥ ለጎጃም ደጋ የሚሆኑትን ሦስቱን መለየት ቀላል ችሎታ አይደለም።

ጫናውም የራሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ ሲነሳ ኩብሳና ጋላማ በሰፊው ተመቱ። ከዚያ ተስፋ የተጣለበት ዲገሉ እ.ኤ.አ. በ2013 በባሌና በአርሲ በግንድ ዋግ ወደቀ። ዋግ ዘሩን እየቀየረ ስለሚመጣ የስንዴ አዳቃይ አንድ ዝርያ ሲያጸድቅ የሚተካውን አስቀድሞ መስመር ላይ ካላስገባ ዘግይቷል። የዩኒቨርሲቲ መምህር ይህን ውጥረት ተማሪዎቹን ያስተምርበታል፤ የማዕከሉ ሰው ግን መስከረም ላይ ስልኩ ይጮሃል።

ሌላው የሚያንገበግበው ገንዘብ በወቅቱ አለመድረሱ ነው። ሰኔ አይጠብቅም፤ በጀት ግን ይዘገያል። ባለፉት ዓመታት ደግሞ መንገድ በተዘጋ ቁጥር ርቆ ያለ የሙከራ ቦታ አረሙ ሳይነቀል ወይም መረጃው ሳይሰበሰብ ይቀራል፤ የአንድ ቦታ መረጃ ሲጎድል የዓመቱ ትንተና ይናጋል። ይህን ለማንም ማዕከል ጉድለት አድርጌ አላቀርበውም። የምታመለክቱ ከሆነ ግን ሙከራ የሚዘራባቸው ቦታዎች የትኞቹ እንደሆኑና ባለፈው መኸር ስንቱ እንደታጨደ ጠይቁ።

ገበሬውን በቅርብ የምታገኙትም እዚህ ነው። የማሳ ቀን ላይ ቁመቱን ያሳጠራችሁትን፣ ያልወደቀውን፣ በሄክታር ብዙ ኩንታል የሰጠውን ስንዴ ታሳያላችሁ። እሱ ደግሞ ጎንበስ ብሎ አገዳውን በእጁ እየለካ ጭዱን ይጠይቃችኋል። በሬ አለው። የጤፍ ከሆነ ንጣቱን፣ የገብስ ከሆነ ለጠላና ለቆሎ መሆኑን ይጠይቃል። በየትኛውም ክፍል ስለ ምርጫ መስፈርት ከምታስተምሩት ይልቅ እዚህ የምትማሩት ይበልጣል።

የትኛው ሰብል?

ይህን የሚጠይቀኝ ሰው ጥቂት ነው፤ እኔ ግን ከመሥሪያ ቤቱ እኩል ይወስናል እላለሁ፣ በተለይ ዩኒቨርሲቲን ለመረጠ።

የዳቦ ስንዴ የተጨናነቀ ቤት ነው። ሲሚት አለ፣ ቁሉምሳ አለ፣ አዴት አለ፤ ሰብሉ ራሱ ሦስት ጂኖም (ሙሉ የዘረመል ስብስብ) አጣምሮ 42 ክሮሞሶም ይዟል፣ የጂኖሙ መጠንም ግዙፍ ነው። ሁለት ሄክታር የኮሌጅ ማሳና አንድ ላቦራቶሪ ያለው ጀማሪ መምህር እዚህ ውስጥ ገብቶ ምን ይጨምራል? የሚጨምረው ካለ የዋግ መቋቋሚያ ዘረመሎችን በመለየት ነው፤ ያም ከማዕከል ጋር ከተዋዋለ።

ገብስ ለመምህር የተሠራ ነው ብል አላጋነንኩም። 14 ክሮሞሶም፣ ቀጥተኛ ጄኔቲክስ፣ በአገር ውስጥ ሞልቶ የተረፈ የገበሬ ዘር። ከ4,000 ሜትር በላይ ከሚወጣው ከጮቄ ተራራ ጀምሮ እስከ ታች ሲወርዱ ገብሱ በየቀበሌው መልኩን ይለዋውጣል። በአዊ፣ በማቻከልና በጎዛምን ደግሞ የአፈር አሲዳማነት አለ። ኖራ መጨመር መፍትሔ ነው፤ ኖራውን ግን እስከ ቀበሌው የሚያጓጉዘው ማን ነው? አሲዳማ አፈር ላይ ሥሩን የሚያቀጭጨውን አሉሚኒየም የሚችል ገብስ መፈለግ፣ በውሃ ላይ በሚበቅል ችግኝ ሥር እየለኩ መጀመር የሚቻል፣ ትልቅ ገንዘብ የማይጠይቅ፣ እዚሁ ጎጃም የሚያስፈልግ ሥራ ነው። ደብረ ማርቆስ ወይም እንጅባራ ለተቀጠረ ሰው ከዚህ የተሻለ ርዕስ አላውቅም።

ጤፍ 40 ክሮሞሶም አለው፤ ጂኖሙ ከስንዴው ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። ዋና ጠላቱ መጋሸቡ ነው፤ ዩሪያ ሲጨመርለት ይተኛል። ፍሬው እጅግ ትንሽ ስለሆነ አንድ መደብ ለመዝራት የሚበቃው ዘር በእፍኝ ውስጥ ይጠፋል፤ ለማከማቸትና ለመላክ ግን ይህ በረከት ነው። የቢቸናና የእነማይ ዋልካ መሬት የጤፍ አገር ስለሆነ የገበሬ ፈቃደኛ አታጡም።

እንጌዶስ? በጮቄ ዙሪያ ሰው እንጀራ የሚያደርገው ይህ የአጃ ዘር፣ ከእርሱ ጋር ስናሩ፣ ተጠይቆ አያውቅም ማለት ይቻላል። ትልቅ ተቋም የማይሻማበት ሰብል ለአንድ መምህርና ለተከታታይ ተማሪዎቹ ይበቃል። በአምስት ዓመት ውስጥ «የእንጌዶ ሰው» የሚባለው እናንተ ትሆናላችሁ፤ በስንዴ እንዲህ ለመባል የሰው ዕድሜ አይበቃም።

ሌሎቹ በሮች

የምርጥ ዘር ድርጅት ሌላው አማራጭ ነው፤ የአማራ ምርጥ ዘር ኢንተርፕራይዝ መሥሪያ ቤቱ ባሕር ዳር ነው። እዚያ የምትሠሩት ማባዛት ነው፦ መስራች ዘር፣ የተመሰከረለት ዘር፣ ከሌላ ዝርያ ማሳ ርቀት መጠበቅ፣ ባዕድ ዛላ ነቅሎ ማውጣት። አስፈላጊ ሥራ ነው፤ ጄኔቲክስ የሚያምራችሁ ከሆነ ግን በሁለተኛው ዓመት ትሰለቻላችሁ።

ስለ ውጭው ትንሽ ልበል፤ ምክንያቱም ብዙዎቻችሁ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የስንዴና የገብስ አዳቃይ ፕሮፌሰር ሲፈልግ የሚያወጣውን ማስታወቂያ አንብባችሁ ከእኛው ጋር ታመሳስሉታላችሁ። አይመሳሰልም። እዚያ የመንግሥት የግብርና ዩኒቨርሲቲው ራሱ አዳቃይ ነው። የቅጥር ደብዳቤው ላይ ስንት በመቶው ለምርምር፣ ስንት በመቶው ለማስተማር ወይም ለኤክስቴንሽን እንደሆነ ተጽፎ ይሰጣል፤ ቋሚነት ስድስተኛው ዓመት ገደማ ይወሰናል። ከቀድሞው ፕሮፌሰር የሚወረስ መስመር፣ ቋሚ ቴክኒሺያን፣ ለትንሽ መደብ የተሠራ ማጨጃ ማሽን ይጠብቃችኋል። ስንዴ አምራቾቹ ከሽያጫቸው እየቆረጡ ምርምሩን ይደግፋሉ፤ ዝርያው ሲሸጥ የሚገኘው ክፍያም ወደ ፕሮግራሙ ይመለሳል። የሰባተኛው ዓመት ጥያቄ ገና ሳትቀጠሩ ተመልሷል ማለት ነው። በፕርዱ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ በማሽላ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኘው ገቢሳ እጀታ ያንን ማድረግ የቻለበት አንዱ ምክንያት ይህ መዋቅር ነው።

በእኛም አገር ዩኒቨርሲቲ ዝርያ አያወጣም የሚል ሕግ የለም። ደብረ ዘይት ራሱ የዛሬውን የጤፍ ዝና ያተረፈበትን ሥራ የጀመረው በዓለማያ ሥር ሳለ ነው። ዓለማያ፣ የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ ማሳና ሠራተኛ ስለነበረው ቻለ።

እኔ ብሆን

ፒኤችዲ ለሌለው ሰው ምክሬ አጭር ነው፦ ማዕከል ቢገኝ መጀመሪያ ማዕከል ግቡ። ሦስት አራት መኸር መደብ ዘርታችሁ፣ ዋግ መዝግባችሁ፣ ከገበሬ ጋር ተከራክራችሁ ከሄዳችሁ የፒኤችዲ ጥያቄያችሁ ከመጽሐፍ የተቀዳ አይሆንም። ከዚያ በኋላ ዩኒቨርሲቲ መግባት ይቻላል፤ ከማዕከል ወደ ዩኒቨርሲቲ የሄዱ ብዙ አሉ፣ ከዩኒቨርሲቲ ወደ ማዕከል የመጡት ግን ጥቂት ናቸው። ገንዘቡም መንገዱም ወደዚያ ያዘነበለ ነው።

ፒኤችዲ ይዛችሁ ማስተማር የምትወዱ ከሆነ ግን አትወዛገቡ፤ ዩኒቨርሲቲ ግቡ። ማስተማር ሳይወዱ «ምርምር እሠራበታለሁ» ብሎ መምህር መሆን ሁለቱንም ያበላሻል።

ዩኒቨርሲቲ ለገባ ሰው በመጀመሪያው ዓመት መደረግ ያለበት ከማዕከሉ ጋር በጽሑፍ መዋዋል ነው። የቃል ስምምነት የክፍል ኃላፊው ሲቀየር ያበቃል። ውሉ ላይ ሦስት ነገር ይግባ። የተማሪዎቻችሁ ሙከራ በከፊል በማዕከሉ መደብ ላይ ይዘራ፤ ከማዕከሉ አንድ ተመራማሪ አብሮ ያማክር፤ ከእያንዳንዱ መመረቂያ ሥራ የተመረጡት መስመሮች በስምና በቁጥር ተመዝግበው ግማሹ ዘር ወደ ማዕከሉ መጋዘን ይግባ። ቀጣዩ ተማሪ ከዚያ ይጀምር። 64ቱ ወደ 20፣ 20ው ወደ 6 ሲወርዱ የሦስት ተማሪ መመረቂያ አንድ የዝርያ ማሻሻል ፕሮግራም ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ለብሔራዊ ሙከራ መስመር ማቅረብ ይቻላል።

ለቃለ መጠይቅ የተጠራችሁ ደግሞ እነዚህን ሳትጠይቁ አትውጡ፦ ለዝርያ ማሻሻል የተለየ ማሳ አለ ወይስ በየዓመቱ ለሌላ ይሰጣል? መስከረም ላይ የማስተማር ጫና ማቅለል ይቻላል? ቋሚ የማሳ ቴክኒሺያን ማን ነው፣ ደመወዙ ከፕሮጀክት ነው ወይስ ከመደበኛ በጀት? ዘር ማከማቻ ማቀዝቀዣ አለ? ከእናንተ በፊት የነበረው ሰው መስመሮቹን ለማን አስረክቦ ሄደ? የመጨረሻውን ሲሰሙ ጠያቂዎቹ እርስ በርስ ከተያዩ፣ ከባዶ እንደምትጀምሩ አውቃችሁ ፈርሙ።